እንጀራ አልነካም ያለው ልጄና በዋሽንግተን ያገኘናት ቴራፒስት

ልጄ ሦስት ዓመት እስኪያልፈው ድረስ በገዛ እጁ አንድ ቁራሽ እንጀራ አንሥቶ አያውቅም ነበር። እናቴ ከደሴ መጥታ አብራን ትኖር ስለነበር ጠዋትም ማታም እያጎረሰች ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኔ በሆቴል ጽዳት፣ ባለቤቴ ደግሞ በታክሲ ሥራ ስንሯሯጥ ልጁ ጠግቦ መተኛቱን እንጂ እንዴት እንደበላ የምንጠይቅበት ፋታ አልነበረንም። ወጥ ጣቱን ከነካው እጁን ከሰውነቱ አርቆ ዘርግቶ እስኪታጠብለት ድረስ ይንቀጠቀጣል፤ የሹራቡ እጅጌ ክንዱ ላይ ከተጠቀለለ ያለቅሳል፤ ፀጉሩን ለማስተካከል ሁለት ሰው ይዞት እንኳን አይሳካም ነበር። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ወንድ ልጅ ዘግየት ይላል፣ አትጨነቂ» ይለኛል፤ እኔም መስማት የምፈልገው ይህንኑ ስለነበር አምኜ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ግን ዝም ብዬ መቀመጤ አይደለም፤ ስጠየቅ እውነቱን አለመናገሬ ነው። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች በ9፣ በ18 እና በ30 ወር ዕድሜ ላይ ለወላጅ የዕድገት መጠይቅ እንዲያስሞሉ ይመከራል። እኛም በየቀጠሮው ይህን ወረቀት ስንቀበል ኖረናል። ልጅዎ በማንኪያ ራሱን ይመግባል ወይ ለሚለው «አዎ»፣ ትንንሽ ነገሮችን በሁለት ጣቱ ያነሣል ወይ ለሚለውም «አዎ» እያልሁ ሞላሁት። እናትነቴ የተመዘነ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ሲያሰናብተኝ እፎይ ብዬ ወጣሁ።

ያ እፎይታ ምን እንዳስከፈለን የገባኝ በኋላ ነው። በዲሲ ከሦስት ዓመት በታች ላሉና ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ስትሮንግ ስታርት የሚባል ፕሮግራም አለ። የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ ደውሎ ልጁን ማስመዝገብ ይችላል፤ ምዘናው ነፃ ነው፤ ባለሙያዎቹም ልጁ የሚውልበት ቤት ድረስ ይመጣሉ። ከተደወለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምዘናውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መጠናቀቅ አለበት። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በሌላውም ስቴት ስሙ ይለወጥ እንጂ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። እኛ ይህ ሁሉ መኖሩን ሳናውቅ ልጃችን ሦስት ዓመት ሞላው። ልጃችሁ ገና ሁለት ዓመቱ ከሆነና የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ፣ እባካችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ደውሉ። ምዘናው ምንም የለበትም ቢላችሁ የሚጠፋባችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ዲሲ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች በነፃ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ስለምትቀበል ልጄ በመስከረም ትምህርት ቤት ገባ። በኅዳር መምህርቱ አስጠራችኝና ምሳ ሰዓት ላይ ምንም እንደማይቀምስ፣ የጃኬቱን ዚፕ ለመዝጋት እንኳን እንደማይሞክር፣ ሌሎቹ በቀለም ሲጫወቱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እንደሚቆም በእርጋታ ነገረችኝ። ወደ ሐኪሙ ይዤው እንድሄድም ጻፈችልኝ። ሐኪሙ ይህን ሲያነብ ወዲያው የማስተላለፊያ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከወረቀቱ ጋር የነበረው የአማርኛ ማብራሪያ «የሙያ ሕክምና» ይላል። እኔ ሙያ የሚለውን ሳይ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰባቸው አዋቂዎች የተዘጋጀ ነገር በስህተት የተሰጠኝ መሰለኝና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት። ሁለት ወር እዚያው ከረመ።

ነገሩን ያስረዳችኝ በቤተ ክርስቲያናችን የምታገለግል አንዲት ነርስ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕክምና በእንግሊዝኛ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ሙያው በአሜሪካ በማኅበር የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ተመልሰው ራሳቸውን እንዲችሉ በመርዳት ነው የታወቀው። በስሙ ውስጥ ያለው ኦኩፔሽን የሚለው ቃል ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ ሳይሆን የሰውን ቀን የሚሞላውን ነገር ሁሉ ያመለክታል፤ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጫወት፣ መጻፍ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ልጁ እንዲራመድና እንዲጠነክር ሲሠራ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ደግሞ በዚያ ጉልበት ጫማውን እንዲያጠልቅና ራሱን እንዲመግብ ታደርገዋለች። እዚህ ያሉ ወላጆች አሳጥረው «ኦቲ» ይሏታል። ስልክ ላይም ይህን ቃል ብትጠቀሙ ቶሎ ይረዷችኋል።

ወረቀቱን ከመሳቢያ ካወጣሁ በኋላ ደግሞ በጥድፊያ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ስልኬ ላይ በቅርብ ያለ ክሊኒክ ፈልጌ፣ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስለሰጡኝ ብቻ ሄድሁ። የሚያክሟቸው ሰዎች በብዛት እጃቸው የተሰበረና በስትሮክ የተጎዱ አዋቂዎች ናቸው፤ ለሕፃን የሚሆን አንድ ዥዋዥዌ እንኳን የለም። ቴራፒስቱ ትሑት ሰው ነበር፣ ነገር ግን ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም ሲል ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ኢንሹራንሳችንን እንደማይቀበሉ የተነገረኝ ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ነካንበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስደውል የጠየቅሁት መቼ እንደሚመች ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በደወልሁ ቁጥር የምጠይቃቸውን ነገሮች በአንድ ወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው የሚያክሙት ሕፃናትን ነው ወይ፣ በተለይም መብላትና መነካት የሚከብዳቸውን ልጆች ያያሉ ወይ የሚለውን ነው። ቀጥሎ የኢንሹራንሱን ስም ብቻ ሳይሆን በካርዱ ላይ የተጻፈውን የዕቅዱን ስም ሙሉ በሙሉ አነብላቸዋለሁ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድን፣ እንቀበላለን የሚል ክሊኒክ ሁሉንም የሜዲኬይድ ዕቅዶች ላይቀበል ይችላልና። ከዚያ ምዘናውን የሚያደርገውና በየሳምንቱ ልጁን የሚያየው አንድ ሰው መሆኑን እጠይቃለሁ። ከስሟ በኋላ ኦቲአር (OTR) የሚል ያላት ሙሉ ቴራፒስት ናት፤ ኮታ (COTA) የሚል ያላት ደግሞ ረዳት ስትሆን በቴራፒስት ቁጥጥር ሥር ታክማለች እንጂ ምዘናውን በራሷ አታደርግም። ጎበዝ ረዳቶች አሉ፤ ማን ማን እንደሆነ ማወቁ ግን መብታችሁ ነው። ፈቃዷ የጸና መሆኑንም በዲሲ ጤና መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሟን አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ ነፃ ነው፣ ከአምስት ደቂቃ በላይም አይወስድም። ሜዲኬይድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለጤናው አስፈላጊ የሆነን ቴራፒ ሜዲኬይድ የመሸፈን ግዴታ አለበት። አንሸፍንም የሚል ደብዳቤ ቢደርሳችሁ የመጨረሻ ቃል አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ይግባኝ የምትሉበት ቀን እዚያው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ወደ ቀጠሮ የሚያመላልስ መኪናም ይሸፍናል፤ እኛ ይህን ሳናውቅ ለወራት ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርን ተጉዘናል።

ልጆችን የሚያክሙት ጥሩ ጥሩ ክሊኒኮች ሁሉ የወረፋ መዝገብ አላቸው። እኔ በአንዱ ተመዝግቤ መጠበቅ ጀምሬ ነበር፤ ነርሷ ግን በአራት ክሊኒኮች እንድመዘገብና ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ሲኖር በአጭር ጊዜ ውስጥ መድረስ እንደምንችል እንዳስጽፍ መከረችኝ። በየሁለት ሳምንቱ እየደወልሁ ስልክ የምታነሣዋን ልጅ በስሟ እየጠራሁ ሰላም እላት ነበር። በመጨረሻም ወረፋችን ሳይደርስ የተጠራነው በተሰረዘ ቀጠሮ ነው።

እየጠበቅን ሳለ በትምህርት ቤቱ በኩል ያለውን መንገድ ያዝሁ። ትምህርት ቤት ገና ያልገቡና ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር የሆኑ የዲሲ ልጆች ኧርሊ ስቴጅስ በሚባለው ማዕከል በነፃ ይመዘናሉ፤ የእኔ ልጅ ተማሪ ስለሆነ ጥያቄዬን ያቀረብሁት ለትምህርት ቤቱ ነው። በዲሲ በቃል መጠየቅም ይቻላል፤ በጽሑፍ ማድረጉ ግን ማስረጃ ይሆናችኋል። «ልጄ በልዩ ትምህርት አገልግሎት እንዲመዘን እጠይቃለሁ» የሚል አንድ መስመር ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት፣ ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ። በዲሲ ወላጅ የምዘና ፈቃዱን ከፈረመበት ቀን አንሥቶ ትምህርት ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ምዘናውን መጨረስ አለበት፤ ቀን ያልተጻፈበት ጥያቄ ግን መቼ እንደቀረበ ማሳየት ያስቸግራል።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝን ነው። የምዘናው ውጤት ለሚነገርበት ስብሰባ በተላከልኝ ደብዳቤ ላይ አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ ነበር። አያስፈልገኝም ብዬ መለስሁ፤ እንግሊዝኛ አትችልም እንዳይሉኝ ፈራሁ። የከበደኝን ታስረዳኛለች ብዬ የ11 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ገባሁ። ገምጋሚዋ ብዙ ከተናገረች በኋላ ልጄን አየኋት፤ የሹራቧን ጫፍ እየጠቀለለች ትንሽ ዝም አለችና «እማዬ፣ ትንሽ ልምምድ ያስፈልገዋል ነው የምትለው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ከሳምንታት በኋላ የጽሑፉን ትርጉም ሳነብ ነው የወንድሟ የእጅ አጠቃቀም ገና የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን ደረጃ ላይ እንዳለ የተነገራት መሆኑን ያወቅሁት። ማታ ስጠይቃት «እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን ሸክም ለሳምንታት ብቻዋን ይዛው ሰነበተች።

የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን አማርኛ ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ሆኑ መሥሪያ ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም እንዲሁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር በልጅ ማስተርጎም አይፈቀድላቸውም። እንግሊዝኛችሁ ሥራ ላይ የሚበቃችሁ ቢሆን እንኳን አስተርጓሚ ጠይቁ። ስለ ልጅ ሲወራ ልብ ይደነግጣልና የምናውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋል።

እውነተኛውን ውጤት ካነበብሁ በኋላ የፈረምሁት የትምህርት ዕቅድ ለእሱ የማይበቃ መሆኑን ተረዳሁ። ወላጅ በማንኛውም ጊዜ ስብሰባው እንደገና እንዲጠራ መጠየቅ ይችላል፤ በምዘናው ካልተስማማ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመዝንለት ማመልከት ይችላል። በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን የሚባለው የወላጆች ማዕከል እንዲህ ያለውን ነገር በነፃ ያስረዳል፤ በየስቴቱም ተመሳሳይ ማዕከል አለ። ስብሰባው በድጋሚ ተጠርቶ፣ በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚ ባለበት፣ የትምህርት ቤቱ ኦቲ በየሳምንቱ እንድታየው ተስማማን። ሆኖም የትምህርት ቤት ኦቲ የምትሠራው ልጁ ለመማር በሚያስፈልገው ነገር ላይ ነው፤ እርሳስ አያያዝ፣ መቀስ፣ ከወንበር ላይ ተረጋግቶ መቀመጥ የመሰለውን። ቤት ውስጥ ያለው መብላትና መታጠብ የክሊኒኳ ኦቲ ሥራ ነው። አንዱ ስላለ ሌላው አይቀርም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ይቻላል።

በመጨረሻ ከክሊኒኩ ተጠራን። ቴራፒስቷ በመጀመሪያው ቀን ከጠየቀችኝ ነገሮች አንዱ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንመገብ ነበር። አስተርጓሚው ጥያቄውን በጥሩ አማርኛ አቅርቦልኝ እያለ እኔ «በሹካና በማንኪያ» ብዬ መለስሁ። በእጅ እንበላለን ብል የምትንቀን መስሎኝ ነው። በዚህ ምክንያት አራት ወር ሙሉ ሹካ ላይ ሠራች። ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ሹካ መያዝ ቻለ፤ ቤት ሲመጣ ግን እንደ ቀድሞው አፉን ከፍቶ የአያቱን እጅ ይጠብቃል። ቴራፒስቷ ልፋቷ ለምን ቤታችን እንዳልደረሰ ስላልገባት የአንድ ቀን እራት በስልክ ቀርጬ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ያን ማታ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህንና ሹካ ደረደርሁ። እናቴ ሹካውን አንሥታ አየችውና መልሳ አስቀምጣ «ይሄን ለማን ነው የምናሳየው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳህኖቹን ሰብስቤ እንጀራውን በትሪ ዘርግቼ፣ ሽሮውንና ጎመኑን አውጥቼ፣ እንደ ሁልጊዜው ሲበላ ቀረጽሁ። በቀጠሮው ቀን ስልኩን ስሰጣት ፊቴ ይነድ ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ መልሳ አየችው፤ በተለይ የእናቴን እጅ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ እንጀራ በአንድ እጅ መቁረስ ከሹካ የበለጠ የጣት ችሎታ እንደሚጠይቅ አስረዳችኝ፤ ሁለት ጣት ይጨብጣል፣ አውራ ጣት ይገፋል፣ አንጓ ይዞራል፣ ወጡ ሳይፈስ ይጠቀለላል። «ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ከዚህ እንጀምር ነበር» አለችኝ። ለሐኪሙ መጠይቅ የሰጠሁት «አዎ»፣ በስብሰባው ያልፈለግሁት አስተርጓሚና ይህ ሹካ አንድ ነገር መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የሄድንበትን መንገድ በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ከራሳቸው ቴራፒስት ጋር እንዲነጋገሩበት ነው። የጀመርነው በድርቆሽ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ እጅ ላይ አይቀርም፣ ሲሰበር የሚሰማውንም ድምፅ ወደደው። ከሳምንታት በኋላ ወጥ ያልነካው ለስላሳ እንጀራ ቀጠለ፤ መጀመሪያ በሁለት እጁ መቅደድ፣ ከዚያ በአንድ እጁ። እርጥብ ፎጣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይቀመጥለታል፤ በፈለገ ጊዜ መጥረግ እንደሚችል ሲያውቅ እያደር መጥረጉን እየተወው መጣ። ወፈር ያለ ሽሮ በትሪው ዳር ጠብ ተደርጎ ብዙ ቀን ሳይነካ አደረ። ማንም እንዳያስገድደው፣ ሲነካም እንዳይጨበጨብለት ቴራፒስቷ አደራ ብላን ነበር። ቀጭን ወጥ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ከባዱ ነገር እናቴን ማጎረስ ማስተው ነበር። ለእሷ ጉርሻ ፍቅሯ ነው፤ ከእጇ መንጠቅ ግፍ ሆኖ ተሰማኝ። መፍትሔውን ያመጣችው አሁንም ቴራፒስቷ ናት። እናቴን ወደ ክሊኒኩ ጋብዛ፣ ቤት ውስጥ በእጆቿ ምን ምን እንደምትሠራ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። እናቴ ምስር በሰፌድ እንደምትለቅም፣ ሊጥ እንደምታቦካ ስትነግራት ቴራፒስቷ ሳጥን ከፍታ በዶቃዎች የምታሠራውን ልምምድ አሳየቻትና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከሰዓት በኋላ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ምስር ይለቅማል። ጠጠሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ በኩባያ ውስጥ ሲጥለው የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ እኔ ከጎን ክፍል ሆኜ እቆጥራለሁ። ምሳውን በራሱ ከበላ በኋላ የመጨረሻዋ አንድ ጉርሻ የአያቱ እንድትሆን ተስማምተናል። ጸበሉንም አልተውንም፤ ቴራፒስቷ ይህንንም ነግሬያት ቀዝቃዛው ውኃ ድንገት ሲነካው እንዳይደነግጥ አስቀድመን እጁን እንድናረጥብለት መክራናለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ምዘናዎቹን፣ የማስተላለፊያ ወረቀቶቹን፣ የእምቢታ ደብዳቤዎቹንና የደወልሁበትን ቀን ሁሉ በአንድ ማኅደር አስቀምጣለሁ። ኢንሹራንሱ ተጨማሪ ቀጠሮዎችን በከለከለ ጊዜ ያዳነን ያ ማኅደር ነው። ቴራፒስቷ ልጃችሁን ካላየችው፣ ማለትም ሁልጊዜ ስለ ደካማ ጎኑ ብቻ የምትናገርና ቤት የምትሠሩትን የማትነግራችሁ ከሆነች፣ ሌላ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሳምንት አንድ ሰዓት ከእሷ ጋር ነው፤ የቀረው ሁሉ በእኛ እጅ ስለሆነ ምን እንደምንሠራ ካልነገረችን ዋጋ የለውም።

ልጄ አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ዚፑ ገና ይከብደዋል፤ ፀጉር ማስተካከሉም በጣም ከባድ እንደሆነ ነው። የእኛ ቀጠሮ መደበኛ ከሆነ በኋላ በወረፋ ላይ ስማችን ወደነበረባቸው ሦስት ክሊኒኮች አንድ በአንድ ደውዬ ስማችንን እንዲሰርዙ ነገርኋቸው። በሁለተኛው ክሊኒክ ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ እንዲህ ብሎ የሚደውል ሰው ስለማይኖር መዝገቡ ቦታ ባገኙ ልጆች ስም ተሞልቶ እንደሚቆይ ነገረችኝ። እናንተም ቦታ ስታገኙ ደውላችሁ አሰርዙ፤ ከስማችሁ በታች የተጻፈው ልጅ በዚያው ቀን አንድ ቦታ ወደ ላይ ይወጣል።